ረጅሙ ስብከትና የአስካለች ጓሮ

ባሏ ደገፉ ላሚቱን ሸጦ የባጃጅ ቅድመ ክፍያ የከፈለ ዕለት አስካለች አልተቆጣችም። ባጃጅ ብዙ ነገር ይሰጣል። እበት እንደማይሰጥ ሁለቱም የገባቸው ዘግይቶ፣ የጓሮው እንሰት እንደ ወባ በሽተኛ ዓይን ቢጫ እያለ ሲመጣ ነው። ወላይታ ውስጥ ደግሞ እንሰት ቢጫ ሲሆን አላፊ አግዳሚው አጥር አሻግሮ እያየ የሚያማው ሴትየዋን ነው እንጂ ባጃጁን አይደለም።

የከፋው፣ ወሬው ቢጠና ከተማ ድረስ ሄዶ አማቷ እማማ የትምወርቅ ጆሮ መግባቱ ነበር። ሶዶ ዳር፣ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለው ያ ጓሮ የእሳቸው ነው። ቢጠና ሴት ልጃቸው ጋ ሲገቡ ለአስካለች ትተውላት ሄዱ። ታናሹ ልጃቸው በኃይሉ በበኩሉ እንሰቱን ነቅሎ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚከራዩ ክፍሎች ሊደረድርበት ከቋመጠ ሰንብቷል። እማማ በስልክ ነገሩን ባጭሩ ቋጩት፤ ለዘመን መለወጫው፣ ለጊፋታ እመጣለሁ፣ እንሰቱን ቢጫ ሆኖ ካገኘሁት ጓሮው የበኃይሉ ነው አሉና ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉ ዘጉት።

አስካለች ፍግ ፍለጋ ሰፈሩን አዳረሰች። ጨው የማይነፍጋት ጎረቤት ሁሉ እበት ሲባል ወሬ ይቀይር ጀመር።

መፍትሔው የተገኘው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። ከገጠር የሚመጡ ምእመናን እሁድ እሁድ በጋሪ ይመጣሉ፤ ባለጋሪዎቹም ተመላሽ ተሳፋሪ እንዳያመልጣቸው ፈረሶቻቸውን አጥር ጥግ አስረው፣ ሣር ጥለውላቸው፣ አምልኮው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። የዚያን እሁድ ተጋባዡ ሰባኪ ታመመና ሌላ ሰው ሲጠፋ መድረኩ ለወንጌላዊ ገበየው ተሰጠ። ገበየው ዓመታት ሙሉ ማንም ያልጋበዘው ሰው ነው። ዘፍጥረት ላይ ይነሳና መላእክቱን በየስማቸው ሰላም ሳይል አይመለስም። «ልደመድም ነው» ሲል የሚያውቁት ሰዎች ወንበራቸውን አመቻችተው እንደ አዲስ ይቀመጣሉ።

ያን ቀን ሕዝቡ እያዛጋ ሲወጣ በሩ አካባቢ መራመጃ አልነበረም። ፈረሶቹ ጠብቀው ጠብቀው ሌላ ሥራ ሲያጡ የሚያውቁትን ሠርተዋል። ሰው ሁሉ ልብሱን ሰብስቦ እየዘለለ አለፈ። አስካለች ግን እዚያው ቆማ ፋንድያውን አየች፣ ፈረሶቹን አየች፣ ከውስጥ ላቡን እየጠረገ የሚወጣውን ገበየውን አየች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሰባኪዎችን ተራ የምታወጣው እሷ ነበረች።

በቀጣዩ እሁድ ገበየው ሰበከ። ከዚያም በኋላ ገበየው ሰበከ። ሰውየው መጀመሪያ በስሕተት የተጠራ መስሎት ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ትከሻው ቀና፣ ድምፁ ጎላ፣ ስብከቱም ከቀድሞው ይልቅ ረዘመ። ይቺን እህት የቃሉ ረሃብ ቢይዛት ነው እያለ በየጸሎቱ ስሟን ያነሳ ጀመር።

እሷ ደግሞ ምእመናን ሲበተኑ የእሁድ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ አካፋና ጆንያ ይዛ ትወጣለች። ደገፉ በኀፍረት አንገቱን ቢደፋም ጆንያውን በባጃጅ ከማመላለስ አልዳነም። ሰኞ ጠዋት ተሳፋሪዎች አፍንጫቸውን ሲይዙ የአዲስ ወንበር ልብስ ሽታ ነው ይላቸዋል።

ትኩስ ፋንድያ ሥር እንደሚያቃጥል አስካለች ታውቃለች። ጓሮ ጥግ ከመረችው፣ የእንሰት ቅጠል አለበሰችው፣ ሲደርቅ ውሃ እያርከፈከፈች በየጊዜው ገለበጠችው። አንድ ብርዳም ማለዳ ክምሩ ሲጨስ ያዩ ጎረቤቶች እሳት መስሏቸው ባልዲ ይዘው እየሮጡ መጡ። ለእንሰቱ ምሳ እየሠራሁ ነው ብላ ባልዲያቸውን ተቀብላ ውሃውን ክምሩ ላይ ደፋችና አመስግና ሸኘቻቸው። እጇን ውስጡ ከትታ ሙቀቱ እንደለቀቀው ስታውቅ፣ ሽታውም ዝናብ ያገኘው የጫካ አፈር ሲሆን፣ ከግንዱ ፈቀቅ አድርጋ በእያንዳንዱ እንሰት ዙሪያ በተነችው፤ በላዩ አፈር መለሰችበት። የፊተኞቹ ረድፎች ክረምቱ መሃል ላይ አረንጓዴ ሆኑ። የኋለኞቹ ሁለት ረድፎች ግን አሁንም ቢጫ ናቸው፤ ክምሩም አልቋል።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ክብረት ስብሰባ የጠራው በዚሁ መሃል ነው። የምእመናን ወጥ እያረረ ነው አለ። ልጆች ወንበር ሥር ተኝተው እየተረሱ ነው አለ። ከእንግዲህ ስብከት አጭር እንዲሆንና ገበየውም እንዲያርፍ ሐሳብ አቀረበ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ተራ አውጪ ሆና የተጠራችው አስካለች ዓይኗ ላይ የበኃይሉ ብሎኬት ሲደረደር ታያት።

አፏን ከመክፈቷ በፊት በሩ ተንኳኳ። ባለጋሪው ሻንቆ ነበር፤ አለንጋውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ኮፍያውን አውልቆ ገባ።

«ይቅርታ አባቶች» አለ። «እኔ እዚህ በር ላይ የምቀመጠው ለተሳፋሪ ብዬ ነው። ድምፅ ማጉያችሁ ግን ጆሮዬ ላይ ነው። ሰውየው ቤቴ ገብቶ ያየኝ ይመስላል፣ መጠጡንም ዱላውንም አንድ በአንድ ነገረኝ። ጌታን ላገኝ እፈልጋለሁ።»

«እሰየው ወንድም ሻንቆ» አለ አቶ ክብረት።

«ችግሩ ገና ኢሳይያስ ላይ ነን። ሊያሳርፉት ነው ሲባል ሰምቼ ነው የመጣሁት። እባካችሁ ከመሃል እንዳታቋርጡብኝ።»

አቶ ክብረት መነጽሩን አወለቀ። አስካለች «አሜን» አለች። ከልቧ መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም፤ ከየትኛው የልቧ ክፍል እንደሆነ የጠየቃትም የለም። ገበየው ቀጠለ፤ ሌሎቹ ባለጋሪዎችም የሻንቆን ነገር ለማየት ብለው ያለ ተሳፋሪ ሁሉ መምጣት ጀመሩ፣ ከነፈረሶቻቸው።

ለጊፋታ እማማ የትምወርቅ ደረሱ። ከሚኒባስ ወርደው ቤት አልገቡም፤ ዱላቸውን ይዘው በቀጥታ ጓሮ። እንሰቱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቅጠሉ አጥሩን አልፏል፤ በመሃል የተተከለው ቦይና የሚሉት ጎደሬም ጆሮውን ዘርግቷል። እስከ መጨረሻው ረድፍ ሄዱ። ጎንበስ ብለው አፈሩን ጨበጡ፣ አሸተቱ።

«ይሄ የላም አይደለም።»

«የፈረስ ነው እማማ።»

ፈረስ የላችሁም ሲሏት አስካለች ሁሉንም ዘረገፈችው፤ በሩን፣ ፋንድያውን፣ ገበየውን፣ የሻንቆን ንስሐ። ስትጨርስ እማማ አፈሩን ከእጃቸው አራገፉ። ተከትሏቸው የመጣው በኃይሉ ከኋላቸው ሆኖ ጉሮሮውን አጸዳ። በእግዚአብሔር ቤት ቀልዳለች ሊሉ ነው ብሎ ተስፋ አድርጓል።

«ጓሮው ያንቺ ነው» አሉ እማማ። ከዚያም ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰውየውን ግን ስጪኝ።»

«ማንን?»

«ወንጌላዊውን ነዋ። እኛ ጋ ፈረሱ ሞልቷል፣ ሰባኪው ነው ችኩል። ፈረሶቹ ጭራ ሳያነሱ በሰላም ሂዱ ይለናል።»

ክርክሩ የምሳውን ሰዓት በላው። አስካለች እንሰቱ ገና አልጠገበም አለች፤ እማማ የሰጡትን ጓሮ መልሰው እንደሚወስዱ አስታወሷት። በመጨረሻ አንድ በሬ ተራ በተራ እንደሚጠምዱ ጎረቤታሞች ተስማሙ፤ አንዱ እሁድ ለሶዶ፣ ተከታዩ እሁድ ለቢጠና። ገበየው ሁለት አጥቢያዎች ተሻሙብህ ሲባል እንባውን መቆጣጠር አልቻለም።

በመጀመሪያው የቢጠና እሁድ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የአስካለች ስልክ ጠራ። ከጀርባ ፈረስ ያሽካካል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የታወቀ ድምፅ «ልደመድም ነው» ይላል።

«አስካለች» አሉ እማማ የትምወርቅ እያለከለኩ፣ «ጆንያ አለቀብኝ፤ በሚኒባስ ቶሎ ላኪልኝ።»