አበልጅ አይፈርምም

ዘጠነኛውን ብሎን ፈትቶ የላፕቶፑን ሆድ ሲገልጠው፣ ፋውስቲኖ መጀመሪያ ያየው አቧራውን አልነበረም። ሚሞሪው ላይ፣ በፋብሪካው ወረቀት ዳር፣ በሰማያዊ ማርከር የተጣለ ፊርማ ነበር። ፊርማው ሁለት ትላልቅ ቀለበቶች አሉት፤ ጅራቱ ወደ ኋላ ዞሮ ስሙን ከሥር ያሰምርበታል። ከጎኑ የአውራ ጣት አሻራ አርፏል። ከአሻራው በታች ደግሞ ቀን ተጽፏል፤ ያለፈው እሑድ።

ወረንጦውን አስቀመጠና መብራቱን አቀረበ። ሃርድ ዲስኩም ላይ አለ። ባትሪው ላይም አለ። ማራገቢያዋ ላይ ቦታ ስለጠበበ ፊርማው በግማሽ ቀርቷል፤ አሻራው ግን ሙሉ ነው። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ስሙን ማንበብ አላስፈለገውም። እነዚያን ሁለት ቀለበቶች በክርስትና ልጁ የጥምቀት ወረቀት ላይ፣ ከራሱ ፊርማ በላይ፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አይቷቸዋል።

በዚህ ጋለሪ በሚባለው የጠጋኞችና የሱቆች ሕንፃ፣ በሦስቱም ፎቅ፣ ማሽኑን ለጥገና የሚተው ሰው ሳይፈርም አይሄድም። ባለሙያው ፊት ለፊቱ ይከፍትለታል፤ ደንበኛው ማርከር ተቀብሎ ዋና ዋናው ዕቃ ላይ ይፈርማል፤ ሊወስድ ሲመጣም እንደገና አስከፍቶ ፊርማውን ያያል። በዚህ የሚቀየም የለም። ሊማ ከተማ ውስጥ ደህና ዲስክ ይዞ ገብቶ የሞተ ዲስክ ታቅፎ የወጣ ሰው ስንቱ ነው። የማይፈርመው ዘመድ ብቻ ነው። ወንድም አይፈርምም፣ አማች አይፈርምም፣ አበልጅማ ጨርሶ አይፈርምም። ባለሙያውም ለዘመድ ማርከር አያቀርብም፤ ቢያቀርብ እንደ መስደብ ነው።

የፈረመው ግሪማልዶ ደግሞ አበልጁ ነው። የሴት ልጁን የሉሴሮን ክርስትና ያነሳው ፋውስቲኖ ነው። ማሽኑንም ያመጣው ለእሷ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ ልጅቷ የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ናት፤ የመመረቂያ ሥራዋን ዓርብ ታስረክባለች፤ የንድፉ ፕሮግራም ግን ሁለት ፎቅ ከሣለ በኋላ ደርቆ ይቀራል። አዲስ ላፕቶፕ የማይታሰብ ነው። ትልቅ ሚሞሪና አዲስ ዲስክ ቢገባለት ግን ዓርብን ብቻ ሳይሆን ሌላ ሦስት ዓመት ይሻገራል፤ ይህን ያለው ራሱ ፋውስቲኖ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግሪማልዶ ማሽኑን፣ አዲሱን ዲስክና ባለ ስምንት ጊጋ ሚሞሪ ከነእሽጉ ይዞ ሲመጣ፣ የፋውስቲኖ የሱቅ ጎረቤት ወይዘሮ ፎርቱናታ ከገመድና ከቻርጀር ክምሯ መሃል ብቅ ብላ እንደ ልማዷ ነካክታዋለች።

«ይፈርሙ እንጂ ጌታዬ! ይሄን ሰውዬ አይመኑት፤ የኪቦርዱን ፊደል ሳይቀር ለቅሞ ነው የሚበላው!»

ግሪማልዶ መዳፉን ደረቱ ላይ ጫነ። «እኔ? ለአበልጄ? ነፍሴን አምጣ ቢለኝ እንኳ ያለ ፊርማ ነው የምሰጠው እመቤቴ!»

ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። ፋውስቲኖም ሰምቶ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር። አሁን ያንን ደስታውን ሲያስበው ጆሮው ድረስ ጋለ።

ምናልባት ያለፈው ዓመት ይሆናል ብሎ ቀኑን እንደገና አየው። አልነበረም። ያለፈው እሑድ ነው፤ ግሪማልዶ ከነሚስቱ እሱ ቤት ዳክዬ በሩዝ የበላበት፣ ሁለቴ ጨምሩልኝ ብሎ ያስጨመረበት እሑድ። ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆሞ፣ «አበልጄ፣ ያቺን ትንሿን ካቻቢቴህን አውሰኝ፤ የመነጽሬ ክንድ ላልቶ አስቸግሮኛል» ብሎት ነበር። ፋውስቲኖ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ዛሬ ጠዋት በወረቀት ጠቅልሎ ከምስጋና ጋር መለሰለት። የመነጽሩ ክንድ ግን ዛሬም በፕላስተር እንደታሰረ ነበር።

ካቻቢቴዋን እጁ ላይ አያት። ግሪማልዶ እሑድ ላፕቶፑን የከፈተው በእሷ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ጣላት።

«ምን ሆንክ? ነዘረህ እንዴ ኤሌክትሪኩ?» አለች ፎርቱናታ።

ዞራ መጣች። መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አውርዳ የተከፈተውን ማሽን አየች። ስትስቅ ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለቻቸው ገመዶች ሁሉ አብረው ተነቃነቁ።

«አሻራ! አሻራም አለው! እውነት ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው ሥራው?»

«ውልና ማስረጃ ቤት ጸሐፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያስፈርም የኖረ ነው።»

«ታዲያ ማኅተሙን እንዴት ረሳው?» ብላ እንደገና ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ስታጣራ ሳቋ ቆም አለ። «ቆይ፣ እነዚህ እኮ የሚወጡት ናቸው። ሚሞሪውና ዲስኩ ሊወጡ አይደል የመጡት? የሚጣለውን ፈርሞ አዲሱን ባዶውን አስረከበህ?»

እውነት ነው። ፋውስቲኖ ይህን ልብ አላለውም ነበር። ግሪማልዶ ከባትሪውና ከማራገቢያዋ ሌላ የፈረመው አራት ጊጋ ያረጀ ሚሞሪና እያቃሰተ የሚዞር ዲስክ ላይ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ቢሸጡ የምሳ ሰሃን አያስሞሉም። ከሁሉ አንጀቱን የቆረጠው ይህ ነበር። በትልቅ ነገር ቢጠረጥረው ኖሮ ቢያንስ ከቁም ነገር ቆጥሮት ነው። ለዚህች ለውዳቂ!

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ» አለች ፎርቱናታ። «አንተ በቁሙ አመንከው። በል ስማኝ፣ ሌባ ካለህ አይቀር ስረቀዋ! አዲሱን ሚሞሪ አስቀርና አሮጌ ክተትለት። ደሞ የት ያውቃል!»

«እሱ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ» አለ ፋውስቲኖ።

«አንተ ደሞ» ብላ ወደ ገመዶቿ ተመለሰች። ስትሄድ ግን ትከሻውን ነካ አድርጋዋለች።

አሮጌውን ዲስክ አውጥቶ ከአዲሱ ጋር በፋይል መገልበጫው ላይ ሰካቸው። የልጅቷ የአምስት ዓመት ሥራ ከአንዱ ወደ ሌላው መፍሰስ ጀመረ፤ ሦስት ሰዓት ይፈጃል ይላል። በዚያ መሃል የሚሠራ ሌላ ሥራ ነበረው፤ አልሠራም። ማራገቢያዋን በብሩሽ ጠረገ፤ የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባት በአልኮል ጠርጎ አዲስ ቀባ፤ ፊርማዎቹን ላለማየት እየሞከረ ደጋግሞ አያቸው። አሻራው ግራ ያጋባዋል። ፊርማ በችኮላም ይጣላል። አሻራ ግን አውራ ጣትን ቀለም መንከር፣ መጫን፣ መታጠብ ይፈልጋል። ግሪማልዶ እሑድ ማታ ቤቱ ተቀምጦ፣ የዳክዬው ቅባት ሳይለቀው፣ ጣቱን በየዕቃው ላይ አንድ በአንድ እየጫነ ስለ እሱ ምን እያሰበ ነበር? አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚባለውን ሲሰማ ፋውስቲኖ ስለ ሌሎች ሰዎች ይመስለው ነበር።

ከሸሚዙ ኪስ ትንሽ ፕላስቲክ አወጣ። ውስጡ ባለ አሥራ ስድስት ጊጋ ሚሞሪ አለ። ትናንት ከራሱ፣ ቤት ካለው ማሽኑ የነቀለው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ይህን ይከትላታል፤ ለማንም አይናገርም፤ ልጅቷ ቤቷ ሄዳ ንድፏን ስትከፍት የሕንፃዋ ሃያውም ፎቅ ሳይደርቅ ሲሣልላት ደውላ ትጮህበታለች። ያንን ጩኸት ለመስማት ብሎ ትናንት ለብቻው ስቆ ነበር። አባቷ የገዛውን ስምንት ከነእሽጉ ይመልስለታል፤ ባለሱቁ ይቀበለዋል።

አሁን ሚሞሪውን በሁለት ጣቱ ይዞ ብዙ ቆየ። መልሶ ኪሱ ከተተው። ስምንቱን ከነእሽጉ አነሳ፤ መቀሱን አነሳ፤ እሽጉን ሳይቆርጠው አስቀመጠው። የበደለው አባትየው ነው። ልጅቷ ምንም ላይ አልፈረመችም። ደግሞ ስምንት ለሃያ ፎቅ እንደማይበቃ፣ ፕሮግራሙም ዓርብ ጠዋት እንደሚደርቅ ያውቃል፤ ይህን እያወቀ ብሎን ቢያጠብቅ፣ ግሪማልዶ በፊርማው የጠረጠረውን ሰው ሆነ ማለት ነው። ንዴቱ አልበረደለትም። እጁ ግን አሥራ ስድስቱን ከኪሱ አውጥቶ ማስገቢያው ላይ አሰልፎ ጫነው፤ ሁለቱ መያዣዎች ቀጭ ብለው ዘጉ። የስምንቱን እሽግ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባትና ልጅ አብረው መጡ። ውጭ ያ የማይዘንብም የማይተውም የሊማ ካፊያ ሉሴሮን ፀጉሯ ላይ አርፎባታል። ጉንጩን ሳመችው።

«ዳነልኝ አባባ ፋውስቲኖ?»

«ዳነ» አለና ማሽኑን አበራላት። ስሟ ስክሪኑ ላይ እስኪወጣ ስምንት ሰከንድ አልፈጀም። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አላልኩሽም? አበልጄ እኮ የእጁ ነገር!» አለ ግሪማልዶ ድምፁን ለኮሪደሩ ከፍ አድርጎ።

ፋውስቲኖ የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች በጠረጴዛው ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። ፊርማቸው ወደ ላይ ነበር። ግሪማልዶ አያቸውና ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ሉሴሮ የአባቷን ፊርማ ከአንደኛ ክፍል ካርዷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«ፓፓ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሥራ ልማድ ነው» አለ ግሪማልዶ። «ታውቀኛለህ አበልጄ፣ እኔ ያገኘሁትን ሁሉ ነው የምፈርመው። ሰው ስለዚህ ጋለሪ ብዙ ያወራል። ስለ አንተ አይደለም። በጠቅላላ ነው የፈረምኩት።»

«እሑድ። ቤቴ በልተህ ስትመለስ። በእኔው ካቻቢቴ።»

«በጠቅላላ ነው ስልህ!»

ፋውስቲኖ ማሽኑን አጥፍቶ ገለበጠውና ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ዘጠኙም ወጡ። ሆዱን ከፍቶ ወደ ግሪማልዶ አዞረለትና ከመሳቢያው ሰማያዊ ማርከር አውጥቶ ዘረጋለት።

«አዲሶቹ ላይ አልፈረምክም። ልማድህ ከሆነ ፈርም።»

«አባባ ፋውስቲኖ፣ ይተዉት እባክዎ» አለች ሉሴሮ።

ግሪማልዶ አፍሮ ይሁን እልህ ይዞት፣ ማርከሩን ተቀበለ። ቢሮ እንደሚያደርገው ክዳኑን በጥርሱ ነቀለ። ጎንበስ አለ። ሳያነብ ፈርሞ አያውቅም፤ ሠላሳ ዓመት የኖረበት ነውና አሁንም መጀመሪያ አነበበ። ፊቱ ላይ የነበረው እፍረት ቀስ ብሎ ሲለቀው ፋውስቲኖ አየ። በቦታው የመጣው፣ የተጭበረበረ ሰነድ ያገኘ ጸሐፊ ፊት ነበር።

«ይሄ» አለ ግሪማልዶ ክዳኑን ከጥርሱ አውጥቶ፣ «ይሄ እኮ እኔ የገዛሁት አይደለም።»

ፎርቱናታ ሬዲዮዋን አጠፋች።

«አይደለም» አለ ፋውስቲኖ። መሳቢያውን ስቦ የስምንቱን እሽግ ነጩ ጨርቅ ላይ፣ ከአሮጌዎቹ አጠገብ አኖረው። «ያንተ ይኸው። አልተከፈተም።»

ሉሴሮ በአባቷ ክንድ ሥር አጎንብሳ ሚሞሪው ላይ ያለውን አነበበች። ፋውስቲኖን አየችው፤ እሽጉን አየች፤ እንደገና አነበበች። «አሥራ ስድስት ነው ፓፓ» አለች፣ ለማልቀስ በቀረበ ድምፅ።

ግሪማልዶ ቀና ማለት አቃተው። የተከፈተው ማርከር ከሚሞሪው በላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ፈርም እንጂ አበልጄ» አለው ፋውስቲኖ። «ቀለሙ እኮ ይደርቃል።»