የእንግዳ መነጽር

በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ቢሮ፣ በፍሬም ከተሰቀሉት ሦስት ዲግሪዎች ሥር፣ አንድ ባለመስታወት ቁም ሣጥን አለ። ውስጡ ሃያ አራት የዓይን መከላከያ መነጽሮች ከነላስቲካቸው እንደ ወርቅ ቤት ዕቃ ተደርድረዋል። ታችኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ሃያ አራት ተማሪዎች በባዶ ዓይናቸው አሲድ ይቀዳሉ። ይህን ነገር በስሙ እብደት ብሎ የሚጠራ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ላቦራንቷ።

ሃያ ሦስት ዓመት የላቦራቶሪውን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ኖራለች። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት «እትዬ»፣ ዞር ስትል «ሳይረኗ» ይሏታል። ሁለቱንም ትሰማለች። ሳይረን የሚያስፈልገው ደንቆሮ በበዛበት ቤት ነው ብላ ታልፈዋለች።

የዚያን ቀን ጠዋት ወደ ኃላፊው ወጣች።

«ዶክተር፣ መነጽሮቹን ልውሰድ። ዛሬ ሰልፈሪክ አሲድ ነው የሚያቀጥኑት።»

«እነሱ የእንግዳ ናቸው።»

«እንግዳው መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሲመጣ!»

እንግዳ ሲመጣ አይታለች። ባለፈው ዓመት ከረባት ያሰሩ ሦስት ሰዎች መጡ፤ መነጽሩን አጠለቁ፤ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ይዘው ፎቶ ተነሱና ሄዱ። ውሃ ለሚይዝ መነጽር፣ አሲድ ለሚይዝ ምርቃት!

«እኛ ስንማር መነጽር የሚባል ነገር አልነበረም» አሉ ኃላፊው ወንበራቸው ላይ እየተመቻቹ። «ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ይኸው ዓይኔ አለ።»

«ዓይኑ የጠፋውማ እዚህ ወንበር ላይ መቼ ደረሰና ይነግርዎታል?»

«ምላስሽን ሰብስቢ! ልጆቹን አታስፈራሪብኝ። ኬሚስትሪ ድፍረት ይጠይቃል።»

ድፍረት! በሰው ዓይን መድፈር ምን ያቅታል? የእኚህ ሰው ጀግንነት ከዚህ ወንበር ሳይነሳ በሌላ ሰው ብሌን የሚዘምት ጀግንነት ነው። ላቦራንቷ ይህን ሁሉ አሰበችና ዋጠችው። ስብሰባ ደርሶባቸው ሲወጡ ግን አልተከተለቻቸውም። ማን ይነካዋል ብለው ቁም ሣጥኑን ቆልፈውት አያውቁም። የጋውኗን ጫፍ ሰብስባ ይዛ፣ ሃያ አራቱንም እንደ በቆሎ እሸት ሸመጠጠቻቸው።

ተማሪዎቹ ደግሞ ያመሰገኑ እንዳይመስላችሁ።

«እትዬ፣ ጨረቃ ላይ ልንወጣ ነው እንዴ?»

«አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ እኮ!»

«ይቆንጥጥህ። የተቆነጠጠ አፍንጫ ይድናል። አሁን ስሙኝ፤ አሲዱን ወደ ውሃው፣ በቀስታ። ውሃውን ወደ አሲዱ ያደረገ ከእኔ ጋር አይተዋወቅም።»

ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሦስት ጊዜም «እሺ» አሉ። ከመሃላቸው ግን ከሁሉ ቀድሞ ጨርሶ መውጣት የሚወድ፣ ጓደኞቹ «ጥይቱ» የሚሉት አንድ ልጅ ነበር። ጥይቱ ቸኩሎ አሲዱን ባዶ ቢከር ውስጥ ገለበጠ። መሳሳቱን ሲያውቅ እንደገና መጀመር ሞት መሰለው፤ ውሃውን ከላይ ቸለሰበት።

ቢከሩ ተንተከተከና ተፋ። አጠገቡ የቆመችው ልጅ ጮኸች።

«መነጽሩን እንዳታወልቂ! መጀመሪያ ውሃ!» ላቦራንቷ ልጅቷን በማጅራቷ ይዛ ቧንቧው ሥር ደፋቻት። ጋውኗን ገፈፈችላት፤ ፊቷን ከነመነጽሩ ደጋግማ አጠበች፤ ከዚያ አወለቀችላትና እንደገና አጠበች። ሩብ ሰዓት ሙሉ አለቀቀቻትም።

«እትዬ፣ ታወርኩ እንዴ?»

«ይሄ ስንት ጣት ነው?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው አልቃሽ እንጂ ዕውር አይደለሽም። ተነሺ፣ ክሊኒክ እንሂድ።»

ጉንጯ ላይ ቀይ ነጥብ ቀርቷል። የመነጽሩ የቀኝ ዓይን ፕላስቲክ ላይ ግን፣ ልክ በብሌኗ ፊት ለፊት፣ ምስር የምታህል ነጭ ጠባሳ ወጥታለች።

እኩለ ቀን ላይ ኃላፊው አስጠሯት። ያንን መነጽር በመስኮቱ ብርሃን ላይ ከፍ አድርገው ያገላብጡታል። ፊታቸው የለቀስተኛ ፊት ነው።

«ይህን ምን ብዬ ነው ለእንግዳ የምሰጠው?»

ላቦራንቷ ስለ ልጅቷ እስኪጠይቁ ጠበቀች። አልጠየቁም።

«ዶክተር፣ ልጅቷ…»

«ዓይኗ ደህና ነው ተብያለሁ። ምን ሆነች? ምንም! ምንም ላልተፈጠረ ነገር ንብረት አበላሸሽ ማለት ነው። ከሥራሽ ታግደሻል፤ ቁልፉን አስረክቢ።»

ለካ ዓይን የሚቆጠረው ሲፈስ ነው! ላቦራንቷ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች።

«በደብዳቤ ይሁን። ያለ ደብዳቤ ቁልፍ አላስረክብም።»

ኃላፊው ወረቀት ሳቡ፤ እየጻፉም አነበቡ። «የእንግዳ መነጽር ያለ ፈቃድ ለተማሪዎች በማደል…»

«ተማሪዎቹ የራሳቸው የላቸውም ወይ ብለው ከበላይ ይጠይቁዎታል። መልሱንም ይጨምሩበት።»

ሰረዙት። ሌላ ወረቀት። «መነጽሩ በአሲድ እንዲበላሽ በማድረግ…»

«አሲዱ መነጽሩ ላይ ምን ይሠራ ነበር ይሉዎታል። 'የተማሪዋን ዓይን ፍለጋ ሲሄድ መንገድ ላይ አገኘው' ብለው ይጻፉ።»

«ዝም በይ!»

«ዝም ብያለሁ። ቀኑን ብቻ እንዳይረሱ፤ የክሊኒኩ ወረቀት ላይ ያለው ቀን ያው ነው።»

ሦስተኛው ወረቀት ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ሦስት ዲግሪ ተረዳድቶ አንድ ዓረፍተ ነገር መቋጨት አቃተው። በየት ዞሮ ቢጀመር መጨረሻው ቁም ሣጥኑ ጋ ይደርሳል፤ ቁም ሣጥኑ ደግሞ የእሳቸው ነው። ላቦራንቷ ቆማ ጠበቀች። አለመቀመጧ ይበልጥ አናደዳቸው።

«በይ፣ ለዛሬ ምሬሻለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ ወረቀቱን ጨምድደው። «መነጽሮቹን አሁኑኑ ወደ ቦታቸው መልሺ።»

«ቦታቸው ላይ ናቸው። ታች።»

«እንግዳ ቢመጣስ?»

«ዓይኑን ይጨፍን!»

ደረጃውን ወረደች። የከሰዓቱ ቡድን በሩ ላይ ተሰልፏል፤ ገና አንድ ጠብታ አሲድ ሳይቀዳ፣ መነጽሩ መልኬን አበላሸው እያለ ያማርራል።