ለክፉ ቀን የተቀመጠ ቤንዚን

፩

ስልኩ ሲጮህ የጥላዬ አፍ ውስጥ ቤንዚን ነበረ።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳ። ከባጃጅ ታንከር ቤንዚን የሚቀዳው በቀጭን ጎማ ነው። አንዱን ጫፍ ታንከሩ ውስጥ ይከቱታል፤ ሌላውን አፍዎ ውስጥ። ይስባሉ። ምላስዎን ሊነካ ሲል ቶሎ ይነቅሉና ጀሪካኑ ውስጥ ይጥሉታል፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይወርዳል። ጎበዝ ሰው ጠብታ አይቀምስም፣ ታንከሩ ውስጥም ጠብታ አያስቀርም። ጥላዬ ጎበዝ ነበረ። ስልኩ አስደነገጠው እንጂ።

ተፋ። ዓይኑ እያለቀሰ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «እታለም» ይላል። ታላቅ እህቱ ሸዋዬ ናት፤ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው፣ ኋላም ላሟንና በጎቿን ሸጣ ይህችን ባጃጅ የገዛችለት።

«ይህች ትሙላና እደውላለሁ» አለ ለራሱ።

ጀሪካኑ ቀስ እያለ ይሞላል። የደብረ ብርሃን ነፋስ ሽታውን እየወሰደ ለሰፈሩ ያድላል።

፪

እርስዎም እዚህ ታሪክ ውስጥ አሉበት።

አይደንግጡ፤ ክፉ ሥራ አልሰጠሁዎትም። የጥላዬና የሸዋዬ ጎረቤት ነዎት። ዕድር የሚከፍሉ፣ ለቅሶ የሚደርሱ፣ ሰው የማያስቀይሙ ጨዋ ሰው። ባጃጅ የለዎትም፣ መኪናም የለዎትም። መብራት ሲጠፋ የምታጓራ አንዲት ጄኔሬተር ብቻ ናት ያለችዎት፤ እሷም ከተበላሸች ሰንብታለች። ሆኖም ዛሬ ረፋዱ ላይ ቤንዚን በድብቅ ከምትቸረችረው ከአስካለ ቤት አንድ ቢጫ ጀሪካን ቤንዚን ማደያው ከሚሸጥበት በሦስት እጥፍ ገዙ። ጋቢ አልብሰው፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው አንገትዎን ደፍተው ገቡ። አልጋ ሥር አስቀመጡት።

ለምን?

ለክፉ ቀን።

፫

የወረፋው ንግግር። ቦታው ማደያው ደጃፍ፤ ጊዜው የዛሬው ጠዋት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ። ተናጋሪዎቹ ከባጃጇ የወረደው ጥላዬ፣ በአሮጌ ቮልሳቸው መስኮት አንገታቸውን ያወጡት የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ተክለወልድ፣ እና ከኋላ ያለች አንዲት ሴት ናቸው።

ጋሽ ተክለወልድ፦ እዚህ አገር ዋጋ ወጣ እንጂ ወረደ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ጥላዬ፦ ነጋዴው ነው ጋሼ። ደብቆ ነው የሚጨርሰን።

ሴትዮዋ፦ ኧረ መርከቡ ነው የዘገየው!

ጥላዬ፦ መርከቡም ነጋዴውም አንድ ናቸው። ማደያውም አለበት። መንግሥትም አለበት። ጅቡቲም አለችበት።

ጋሽ ተክለወልድ፦ እኛስ?

ጥላዬ፦ እኛ ምን አደረግን?

ጋሽ ተክለወልድ፦ እሱስ ምን እናደርጋለን። እየተሰለፍን ነው።

(ሳቅ።)*

* የጋሽ ተክለወልድ ቮልስ ከቤት ወደ ወረፋ፣ ከወረፋ ወደ ቤት ካልሆነ በቀር ሌላ መንገድ ከረሳች ቆይታለች። የቀዱት ሁሉ ዕቃ ቤታቸው ያለው በርሜል ውስጥ ይገባል። ጥላዬም ቢሆን ሰው ከጫነ ሰነባብቷል። አንድ ታንከር ለአስካለ ሲያስረክብ የሚያገኘው ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ከሚያገኘው ይበልጣል፤ ስለዚህ ይሰለፋል፣ ይሞላል፣ ይቀዳል፣ ተመልሶ ይሰለፋል። ሌሎቹም ባጃጆች እንዲሁ። ከተማው በእግሩ እየሄደ ባጃጆች ጠፉ እያለ ያማርራል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ።

፬

ወረፋው አልንቀሳቀስ ሲል ጥላዬ አንዲት ነገር ተናገረ። ትንሽ ነገር ናት።

«ነገ ቤንዚን የለም አሉ።»

ማን አለ? ማንም አላለም። ለአስካለ የሚያስረክበው ጀሪካን ዋጋው ትንሽ ከፍ እንዲልለት ብሎ ነው የጣላት።

ወሬዋ ግን እግር አወጣች። ወረፋው ጫፍ ስትደርስ «ለሳምንት የለም» ሆነች። ገበያ ስትደርስ «እስከ ፋሲካ የለም»። አስካለ በር ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ፤ እርስዎም በዚያ መሃል ነበሩ፣ ጋቢዎን እንደተከናነቡ። ወሬዋ ዞራ ዞራ ተመልሳ ራሱ ጥላዬ ጆሮ ስትገባ በጣም አድጋና ከብራ ነበርና አላወቃትም።

«እውነት ይሆን እንዴ?» ብሎ ደነገጠ።

፭

ጀሪካኑን ለአስካለ አስረከበ። የተቀበለውን ኪሱ ከተተ። አፉን በውኃ ተጉመጠመጠና ደወለ።

ጥላዬ፦ እታለም፣ ደውለሽ ነበር?

ሸዋዬ፦

ጥላዬ፦ እታለም?

ሸዋዬ፦ (ፉጨት የመሰለ ትንፋሽ።)

ጥላዬ፦ አስሙ ነው? መድኃኒቱስ? የምትነፊው?

ሸዋዬ፦ አል... ቋል።

ጥላዬ፦ መጣሁ! አሁን ሆስፒታል አደርስሻለሁ፤ መጣሁ!

ሸዋዬ፦ ባጃጇ... አለች አይደል?

ጥላዬ፦ አለች።

አለች።

፮

ባጃጇ ነበረች፤ ከአስካለ አጥር ሥር፣ ታጥባ፣ «እታለም» የሚል ጽሑፍ ጀርባዋ ላይ ተለጥፎ። ዘሎ ገባ። ቁልፉን አዞረ። አጉረመረመች። ደግሞ አዞረ።

ዝም።

ጎበዝ ነው ብዬዎት የለ። ጠብታ አላስቀረም።

ወረደና የአስካለን በር በሁለት እጁ ደበደበ።

«አስካለ! ያንን ጀሪካን መልሽልኝ! ብርሽ ይኸው!»

«የቱን? ሄደ እኮ!»

«አሁን አይደል እንዴ የሰጠሁሽ?»

«ቆመው የሚጠብቁ ነበሩ። እንኳን ጀሪካኑን ጎማውንም ልግዛሽ ያለኝ አለ። የሰፈርህ ሰዎች ናቸው፤ ሂድና ጠይቃቸው። ምነው፣ አንተ አይደለህ እንዴ ነገ የለም ያልከው?»

ተራው ላይ የቆሙትን ባጃጆች ለመናቸው፤ ሁሉም ባዶ ናቸው፣ ሁሉም ጎበዞች ናቸውና። አምቡላንስ ጋ ደወለ፤ ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ገጠር ወርዷል አሉት። ከዚያ ባጃጇን እየገፋ ወደ እህቱ ቤት ሮጠ። ባጃጅ እየገፉ መሮጥ እንዴት እንደሚያስቅ ያውቃሉ። ያየው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሸዋዬ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ እየወጣ፣ አየር ትለምናለች። ስታየው ፈገግ ለማለት ሞከረች። ያቺ ፈገግታ ናት ጥላዬን የገደለችው።

፯

በር።

«ቤንዚን? እኛ ቤት? ከየት መጥቶ!»

በር።

«ውይ ወንድሜን፣ አንተ ያጣኸውን እኛ ከየት እናመጣዋለን?»

በር።

«ለሸዋዬ ነው ወይስ ለአስካለ? ባለፈውም የሰው ልጅ ታመመ ብለህ ወስደህ ሸጠኸዋል።»

ይህኛው እውነት ነው፤ ሸጦታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

በር። (የጋሽ ተክለወልድ።)

«ቮልሷ ባዶ ናት ልጄ! አፈር ያርገኝ፣ ባዶ ናት!»

ይህም እውነት ነው፤ ቮልሷ ባዶ ናት። ስለ በርሜሉ አልተጠየቁም።

በር።

ይህ የእርስዎ ነው። ምን ብለው እንደመለሱለት እኔ አልጽፈውም፤ እርስዎ ያውቁታል።

ሽታ።

ከየበሩ ስንጥቅ፣ ከየመስኮቱ ሥር፣ ከየአልጋው ሥር የቤንዚን ሽታ ይወጣል። ክብሪት ቢጫር ሰፈሩ በሞላ ይነዳል። ቤንዚን ግን በሰፈሩ የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

፰

እዚህ ላይ እኔ ጸሐፊው ግራ ገባኝ። ክፉ ሰዎች ቢሆኑልኝ ሥራዬ በቀለለ። ቀጥሎ የሆነውን ግን እንደሆነ እጽፈዋለሁ።

ጋሽ ተክለወልድ ዕንባቸው ዱብ ዱብ እያለ ወጡ።

«ቃሬዛው ይውጣ! ሸዋዬ ዓይናችን እያየ አትሞትም! ምን ዓይነት ሰዎች ነን?»

የዕድሩ ቃሬዛ ወጣ። በሩን የዘጋው ሁሉ በሩን ከፈተ። ነጠላ ያነጠፈ አለ፣ ትራስ ያመጣ አለ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተከተሉ። «ለሸዋዬ ያልሆነ ትከሻ ለማን ይሆናል?» እያሉ ሰዎች እጀታውን ተሻሙ። ከልባቸው ነው። እምልልዎታለሁ፣ ከልባቸው ነው።

እርስዎም ያዙ፤ በግራ በኩል፣ እግርጌ።

፱

ሆስፒታሉ ዳገቱ ላይ ነው። በባጃጅ ሸዋዬ አንድ ጸሎት ሳትጨርስ ትደርስ ነበር። በቃሬዛ ግን ዳገቱ ዳገት ነው።

ተሸካሚዎቹ ዙሪያዋን ከበቧት። ጠዋት ጀሪካን የተሸከሙ እጆች ናቸው፣ ቤንዚን የነካቸው እጅጌዎች፣ ከጀሪካን ላይ የተነሡ ጋቢዎች። ነፋሱ በድንገት ቆመ። ሸዋዬ በዚያ ሽታ መሃል አፏን ከፍታ ትስባለች፤ የምትስበው ግን አየር አልነበረም።

ጥላዬ ራስጌ ነበረ። ትንፋሹ እንዳይደርሳት ፊቱን አዞረ። አፉ አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይለዋል።

«ጥላዬ» አለች።

«አቤት እታለም።»

ዓይኗን ጨፍናለች።

«ሸተተኝ... ባጃጇ... ደረሰች?»

ማንም ማንንም አላየም። ሁሉም እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ያያል።

፲

ከአስፋልቱ ዳር አወረዷት። ከንፈሯ መልኩ ተለውጧል። የዳገቱ ትልቁ ክፍል ገና ከፊታቸው ነው።

ጥላዬ ተንበረከከ፤ ለእሷ ሳይሆን ለእነሱ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ነገ የለም ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላለኝም፤ ከሆዴ አውጥቼ ነው። ባጃጇንም ያደረቅኋት እኔው ነኝ፤ እሷ እየደወለችልኝ እኔ ጎማ እስብ ነበር። ስደቡኝ፣ ከዕድር አስወጡኝ። ግን ቤንዚን አለ። እንዳለ አውቃለሁ፣ አፍንጫ አለኝ። ካላችሁ ከአንዳችሁ ትንሽ፣ አንድ ሃይላንድ ትበቃኛለች። ለምን ዋሸኸኝ አልልም። እስክሞት አላነሣውም።»



ጋሽ ተክለወልድ ወደ ጎናቸው አዩ። ጎናቸው ያለው ወደ ጎኑ አየ። የዚያም ጎን ወደ ጎኑ።

የሚያስቡትን ልንገርዎት? ቀድሞ የሚሮጥ ሰው «ደጄ ላይ ዋሽቼ ነበር» ብሎ በሰፈሩ ሁሉ ፊት መሮጡ ነው። ሁለተኛ የሚሮጠውን ግን ማንም አይታዘበውም። ሁለተኛ ለመሮጥ ሁሉም ዝግጁ ነበሩ።

አንደኛው ጠፋ።

፲፩

ከሁሉም ቤት የእርስዎ ይቀርባል። ቁልቁለት ነው፤ ሮጠው ይደርሳሉ። ባጃጇ ሸዋዬ በር ላይ ናት፣ ቁልፏም እንደተሰካ ነው። ጀሪካኑ አልጋ ሥር ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። ሲገዙት ለማን ብለው እንደገዙት ያስታውሳሉ። ለክፉ ቀን ነበር።

ዛሬ የማን ቀን ነው?

ሸዋዬ ዓይኗን ገለጠች። ራስጌ ያለውን ወንድሟን አላየችም። የምታየው ወደ እግርጌ ነው፣ በግራ በኩል።

ጥላዬም ዓይኗን ተከትሎ ቀና አለ።

«ጎረቤቴ?» አለ።

፲፪

እርስዎ፦