ተልኳል እንጂ ደርሷል አይልም

በሆስፒታላችን በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ «ኬላው» ነው የሚሉኝ። ፋየርዎሉን፣ ማለትም የትኛው ኮምፒውተር ከየትኛው ጋር እንደሚነጋገር የሚወስነውን ኬላ፣ የምጠብቀው እኔ ስለሆንኩ ነው። ስሙን ያወጣችልኝ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ናት። እሷ ቀልዳ ነበር፤ እኔ እንደ ማዕረግ ወሰድኩት።

ከሦስት ዓመት በፊት ቫይረስ ገብቶ ማሽኖቻችንን በሙሉ ቆልፎብን ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሐኪሞቹ በእጅ ጻፉ፤ ነርሶቹ ካርቶን ውስጥ ወረቀት እያገላበጡ የበሽተኛ ስም ፈለጉ። አለቃዬ ያኔ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ያልጠረጠርኩት ነገር አልነበረም። ላቦራቶሪውን በአንድ ወገን፣ ሕሙማን የሚተኙባቸውን ዋርዶች በሌላ ወገን አድርጌ መሃል ላይ ኬላ አቆምኩ። የምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪ ወደ ዋርድ ያልፋል፤ ከዋርድ ወደ ላቦራቶሪ ግን አንዲት ቃል አትመለስም። ዝንብ አታልፍም እያልኩ እኩራራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለሙያዋ ቢሮዬ መጣች። ጓንቷን ገና ማውለቋ ስለነበር ጣቶቿ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር።

«ስማ ኬላው» አለች ወንበር እየሳበች። «ውጤት በላክሁ ቁጥር ስክሪኔ ‹ተልኳል› ይለኛል። ‹ደርሷል› ግን አይልም። የዋርዱ ማሽን መቀበሉን በምን ልወቅ?»

«እስከ ዛሬ ያልደረሰ አለ እንዴ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ! ባይደርስስ በምን አውቃለሁ?»

አብረውኝ የሚሠሩት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«በር ልክፈትልሽና ነገ ቫይረስ ሲገባ አንቺ ትጠየቂልኛለሽ?»

«በሩን ወለል አድርገህ ክፈተው አላልኩም። ሁለቱ ማሽኖች ብቻ የሚነጋገሩበት፣ ሌላ የማይሰማው መንገድ ይሠራልን። ዋርዱ ‹ደረሰኝ› ይበለኝ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አይበል።»

ትክክል ነበረች። ሥራው አዲስ አልነበረም። ለሁለቱ ማሽኖች መታወቂያ ትሰጣለህ፤ ንግግራቸውን ትመሰጥራለህ፤ ኬላው ከእነሱ በቀር ማንንም እንዳያሳልፍ ታዘዋለህ። አውቀው ነበር። ግን ሰው ፊት አሳፍራኛለችና «በጽሑፍ አምጪ» አልኳት። በማግስቱ በእጇ የጻፈችውን አንድ ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ዛሬ ነገ እያልኩ ሰባት ወር አለፈ። ሁለት ጊዜ አስታወሰችኝ፤ ከዚያ ተወችኝ።

አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ኩላሊቱን ታሞ ዋርድ ተኝቶ ነበር። ነርሶቹ ደህና አደሩ ሲሉት «ፍሬን ይዣለሁ፣ የትም አልሄድም» እያለ ያስቃቸው ነበር አሉ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደሙ ተመረመረ። ፖታሲየም የሚባለው ጨው ልብ ሊያቆም እስከሚችል ድረስ ከፍ ብሎ ተገኘ። ባለሙያዋ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ውጤቱን ላከች። «ተልኳል» አላት። እንዲህ ያለው ውጤት በስልክም ይነገር የሚል ደንብ ስላለ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ መስመሩ ተይዟል። ከድንገተኛ ክፍል የመጣ ደም ፊቷ ተደርድሮ ይጠብቃት ነበርና ወደዚያ ዞረች።

የዋርዱ ማሽን ግን የመረጃ ማስቀመጫ ዲስኩ ሞልቶ ከማለዳ ጀምሮ መቀበል አቁሟል፤ የተላኩት ውጤቶች ኬላው ላይ ቆመው ቀርተዋል። ይህን የሚነግራት መንገድ አልነበረም። ያን መንገድ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የሾፌሩ ልብ ቆመ። ቢረባረቡም አልተመለሰም።

ማሽኑን እንድመለከት ተጠራሁ። ኮሪደሩ ላይ የሾፌሩ ሴት ልጅ፣ አንዲት ጎልማሳ አስተማሪ፣ የአባቷን ጫማ በላስቲክ ይዛ ተቀምጣለች። «ቅድም እኮ ሲስቅ ነበር» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን። ዲስኩን ሳጸዳው ኬላው ላይ ተጠራቅመው የነበሩት ውጤቶች አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። ስድስተኛው የእሱ ነበር፤ በቀይ ተጽፎ።

በሳምንቱ አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ባለሙያዋ ቆማ «የመልስ መንገድ ይሠራልን ብዬ በጽሑፍ ጠይቄ ነበር» አለች። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ።

«እውነት ነው?»

«በቃል አንስተነው ይሆናል» አልኩ። «በጽሑፍ የደረሰኝ ነገር ግን አላስታውስም።»

ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችም። ቅጂ አላስቀረችም ነበር፤ አምናኝ።

«በስልክ አልተከታተለችም» ተብሎ ጥፋቱ እሷ ላይ ወደቀ። ከሥራ ታገደች። ብዙም ሳትቆይ በራሷ ፈቃድ ለቀቀች።

እኔ እህል አልበላ ብሎኝ ከረምኩ። ባለቤቴ አንድ እሑድ ልብስ እያጠፈች «ምን ሆነሃል? ሰው ሲያናግርህ ግድግዳ ታያለህ» አለችኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ አጥፋ ጨረሰች።

«ወረቀቱ አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ነበር ያን ሁሉ ቀን የቆየሁት። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ሰብሳቢው ቢሮ ገባሁ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው «ይህን ያኔ አምጥተኸው ቢሆን…» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ከደረጃዬም ዝቅ ተደረግኩ። ለእሷ የይቅርታ ደብዳቤ ተላከላት፤ ተመለሽ ተባለች፤ አልተመለሰችም።

ለሾፌሩ ልጅ እውነቱ ሲነገራት እኔም ልገኝ ብዬ ለመንኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ያንን መንገድ ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጃል?»

ወረቀቱን ባስረከብኩበት ሳምንት ሠርቼ ጨርሼው ስለነበር መልሱን አውቀዋለሁ።

«ሦስት ቀን» አልኳት።

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ባለሙያዋን ያገኘኋት ከወራት በኋላ፣ በምትሠራበት ትንሽ ክሊኒክ ነው። ስታየኝ አልሸሸችም፤ ተቀመጥ አላለችኝምም።

«አሁን ይሠራል?» አለች።

«ይሠራል። ዋርዱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልመለሰ ላቦራቶሪው ውስጥ ደወል ይጮኻል።»

«ጥሩ።»

«ይቅር በዪኝ፣ እህቴ።»

እጇን በፎጣ እያደረቀች ትንሽ አሰበች። «ስለ መንገዱ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ሰው ይሰንፋል፣ ሰው ይፈራል። ኮሚቴው ፊት የተናገርከውን ግን አውቀህ ነው የተናገርከው። እሱን ገና አልቻልኩም።»

ከውስጥ ጠሯትና ገባች። እኔ ተራ ከሚጠብቁት ሰዎች መካከል ቆሜ ቀረሁ። አንዲት እናት ወንበር ላይ ያለውን ቦርሳቸውን አነሱልኝና «ተቀመጥ ልጄ፣ ተራህ እስኪደርስ» አሉኝ። ተራ እንዳልያዝኩ ነግሬ፣ አመስግኜ ወጣሁ።