ያልሞላው ጠርሙስ

ሐኪሙ የባሏን አንገት ከፍቶ የጠበበውን የደም ሥር ጠርጎ ከሰፋው ገና አንድ ቀኑ ነው። ከስፌቱ ሥር የወጣ ቀጭን ቱቦ አልጋው ጎን ወደተንጠለጠለ ጠርሙስ ይወርዳል፤ አንገቱ ውስጥ የሚጠራቀመው ደም የሚወጣው በእሱ ነው። ነርሷ ጠዋት ደሙ የደረሰበት ላይ በእስክሪብቶ አሰመረችና፣ "ቶሎ ቶሎ ከሞላ ጥሪኝ" ብላት ሄደች። ባይሞላስ ምን እንደሚሆን የነገራት የለም።

ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተንጠለጠለ ክር አይታ ዝም ብላ አላለፈችም፤ ይሄ የተንዘላዘለ ቱቦም ዐይኗን ሲወጋት ነው ያረፈደው። በዚያ ላይ የባሏ ታላቅ እህት ልትጠይቀው እየመጣች ነው፤ እሷ ደግሞ ደም ካየች ተዝለፍልፋ ትወድቃለች። ስለዚህ ቱቦውን እንደ ቀሚስ ጠርዝ ሁለት ጊዜ አጠፈችና፣ ከፀጉሯ ላይ ማስያዣ ነቅላ ከትራሱ ሥር ቆነጠጠችው። ጠርሙሱን በፎጣ ሸፈነችው።

"ቁልፍ ልትተክይብኝ ብቻ ነው የቀረሽ" አላት ባሏ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

እህትየው መጣች፣ ወንድሟን ሳመች፣ ሳትወድቅ ሄደች። ቀትር ላይ ሚስትየው ፎጣውን ገለጥ አድርጋ ብታይ ደሙ ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም።

"እሰይ፣ ደረቀልህ!" አለችው።

እሱ ግን አልቀለደም። ውሃ ሲጠይቃት ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። ጉንፋን ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

"ኮሌታው አነቀኝ" አለ ቆይቶ። "እስቲ አላልተሽ ፍቺልኝ።"

እጇ እንደ ልማዱ ወደ አንገቱ ሄደ። የሆስፒታሉ ልብስ ኮሌታ የለውም። ከፋሻው ሥር አንገቱ አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

ጮኸች። ነርሷ እየሮጠች መጥታ አንገቱን አየች፣ ጠርሙሱን አየች፣ ከዚያ ቱቦውን በጣቶቿ እየተከተለች ከትራሱ ሥር ደረሰች። ማስያዣውን ነቅላ ወረወረችው። ጠብ ያለ ነገር የለም።

"ሲስተር፣ ጠርሙሱ እኮ አልሞላም" አለች ሚስትየው።

"እሱ ነው እኮ ችግሩ፤ ደሙ አንገቱ ውስጥ ቀርቶ ረግቷል። ትንፋሹን እየዘጋው ነው።"

አልጋውን እየገፉ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሮጡ። ባሏ ዐይኑን እሷ ላይ ተክሎ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ቀልድ ይሁን ስሟ አልተሰማም። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ፤ እሷ አልጋው በነበረበት ቦታ ቆማ ቀረች።

በገዛ እጄ፣ አለች በልቧ። ማስያዣውን ከመሬት አነሳችው። ፀጉሯ በአንድ ወገን ፊቷ ላይ ተዘርግፎ ወርዷል፤ አልሰበሰበችውም።