የእናቱን ጣት የሚያውቅ ስክሪን

«ስክሪኑን ዛሬውኑ መውሰድ አለብኝ» አለ የሟቹ አለቃ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ሻዩን ገና አልጨረሰም።

እናትየው ቀና ብለው አዩት። ልጃቸውን መኪና ገጭቶት ከቀበሩ ወዲህ እህል የሚባል በአፋቸው አልዞረም።

«የቱን ስክሪን?»

«ያንን ክፈፍ የሌለውን። ናሙና ነው፤ ለሻጩ ይመለሳል።»

ልጃቸው የሆስፒታል ወረፋ ቁጥር የሚሰጡ ማሽኖችን በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ስክሪን የሚመርጥ ባለሙያ ነበር። ስክሪኖቹ ያለ ሽፋን፣ ሽቦና ብረታቸው እየታየ ይመጣሉ፤ ቤት የሚሆናቸው ማሽኑ ራሱ ነው።

አንድ ቀን እናቱን ለሕክምና ወስዶ፣ መኪና አቁሞ ሲመለስ ማሽኑ ፊት ተገትረው አገኛቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ልብስ ሲያጥቡ በረኪናው የጣታቸውን ቆዳ እንደ ቅርፊት አድርቆት ነበር። መስታወቱን ቢነኩት ቢነኩት አልሰማ አላቸው።

«እማማ፣ ካልቻሉ ዞር ይበሉልን!» ይላል ከኋላ የቆመው።

እናትየው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ሰውየውን አይደለም፤ ማሽኑን።

ከዚያ ወዲያ የመጣለትን ናሙና ሁሉ ይዞ ቤት መግባት ጀመረ።

«እማዬ፣ እስቲ ንኪልኝ።»

«ኧረ እጄን እንኳ ልታጠብ!»

«ታጠቢና በእርጥቡም ንኪው።»

ስንቱ ተሞክሮ፣ ጫን ሲሉት የሚሰማ አንድ ስክሪን ብቻ እሺ አላቸው። ፊቱ ደብዘዝ ያለ፣ ውበት የሌለው ነው። ልጁ ግን በደስታ እናቱን ጎትቶ አስጨፈራቸው።

«ታዲያ ያ ስክሪን ለምን ይመለሳል?» አሉ አሁን እናትየው፣ አለቃውን እያዩ።

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሌላኛውን መርጠናል፤ የሚያብረቀርቀውን። ደንበኞቹ ወደዱት።»

«ልጄስ ምን አለ?»

«እሱማ... እሺ አላለንም ነበር። ስንቴ ተጨቃጨቅን።»

የሟቹ እህት ብድግ አለች። «ገና አፈሩ ሳይደርቅ?»

እናትየው እጇን ይዘው አስቀመጧት። «ተይው፣ እንግዳ ነው።» ከዚያ ወደ አለቃው ዞሩ።

«ልጄ፣ እናት አለችህ?»

«አሉኝ።»

«እግዜር ጤና ይስጣት። ሆስፒታል ስትሄድ ብቻዋን አትላካት።»

አለቃው ሻዩን አስቀምጦ ተነሣ።

ስክሪኑን ራሳቸው ከጓዳ አመጡት። እንዳይጫር ብለው የልጃቸውን ሹራብ ከሚስማሩ አውርደው ጠቀለሉበት፤ ሁለቱን እጅጌዎች አዙረው አሰሩ። አለቃው ሊቀበል እጁን ዘረጋ። እናትየው ግን ቋጠሮውን ፈቱና እንደገና አሰሩት። ከዚያም ደግመው ፈቱት።