የአባባ ዱዓ ያለበት ኮምፒውተር

ለኢድ ቤቱን ስታጸዳ እናቴ ጣይባ የአባባን አሮጌ ኮምፒውተርም ከፍታ ወለወለችው። ከዚያ ወዲህ ሲበራ ይጮሃል እንጂ አይነሳም። ሟቹ አባቴ ያደረገልን ዱዓ የተቀዳው እሱ ላይ ብቻ ነው። ልጠግነው ከኮምቦልቻ ሆጤ ወዳለው የእናቴ ቤት መጣሁ።

«ወላሂ አቧራውን ብቻ ነው የነካሁት!»

«አቧራውማ የለም፤ ሚሞሪውንም ከቦታው አስለቅቀሽዋል እማ።»

«እኔን ይንቀለኝ!»

ኮምፒውተሩ እንዲፈጥን ከአባባ ጋር ሆነን የጨመርነው ሚሞሪ ነው። ያኔ ባትሪ ያበራልኝ እሱ ነበር፤ አሁን እናቴ አበራችልኝ። ሚሞሪውን አውጥቼ ጫፉን በላጲስ አሸሁት፤ ጠቅ እስኪል መልሼ ተጫንኩት።

ኮምፒውተሩ ተነሳ። ቅጂውን ከፈትኩት።

«አላህ በሰላም ያገናኛችሁ» አለ አባባ።

እናቴ እጆቿን ዘርግታ «አሚን» አለች። በቅጂው ውስጥም የዚያን ጊዜው ድምጿ «አሚን» አለ፤ ሁለቱ እኩል ወጡ።